ዘጠኝ ፓትራ ፓስታ

«ኧረ በሩን ክፈቱልኝ፣ እጄን ፈጀኝ!»

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሮጣ የሟች እናቷን ቤት በር ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው በፎጣ የተያዘ ትኩስ ፓትራ ነው፤ የቀለጠው ቺዝ ጠርዙ ላይ ፈስሶ ደርቋል። ከፓትራው ጀርባ ዓይኖቿ ያበጡ ጎረቤት ቆማለች፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው የውበት ሳሎን ጸጉር ሠሪ።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለች ጸጉር ሠሪዋ ፓትራውን እያቀበለቻት። «ፓስታ በምድጃ ነው። ልክ እማማ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

ዘጠነኛው መሆኑ ነው። እናቷ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀን ነው፤ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ ፓስታ በምድጃ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም «ልክ እሷ እንዳስተማረችኝ» ይላል። ሦስቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብተዋል፤ ሁለቱ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጧል፤ የቀሩት ሁለቱ በሐዘንተኛው መካከል እየዞሩ ነው።

መኪና መንዳት የሚያስተምረው ባሏ ፓትራውን ተቀብሎ ግራ ቀኝ አየና በጆሮዋ «ማቆሚያ ሞልቷል» አላት። እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሰው አየኝ አላየኝ ብላ ፊቷን አጠነከረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቿ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አብሳይ ነበረች። ረቡዕ የፓስታ ቀን ስለነበር ረቡዕ የሚታመም ተማሪ አልነበረም። ልጆቹ «እማማ ፓትራ» ብለው ስም አወጡላት፤ ስሙ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ በመጨረሻ ባንክ ቤት ያለው ጸሐፊ ሳይቀር እንደዚያው ይጠራት ጀመር። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ እጇ ሥራ ፈታና ጎረቤቱን አንድ በአንድ ወጥ ቤቷ እየጠራች አስተማረች። አዲስ ሙሽራ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ባሏ የኮበለለባት፣ ሁሉም ተምሯል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር።

ጸጉር ሠሪዋ ሻይዋን ሳትጨርስ የሟቿን ልጅ በክንዷ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሳበቻት።

«እንግዲህ አንቺማ ታውቂዋለሽ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ገውዙን ማለቴ ነው። ቁንጥር ታህል፣ ነጩ ስጎ ውስጥ። ለኔ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ላንቺ ግን ምን እደብቃለሁ፣ ልጃቸው አይደለሽ?»

«አዎ፣ ገውዙ» አለች የላብራቶሪ ባለሙያዋ፣ ራሷን እየነቀነቀች። ገውዝ የሚባል ቅመም በእናቷ ቤት ዓይታ አታውቅም።

ጸጉር ሠሪዋ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። ትናንት ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው ፖስተኛ በረንዳ ላይ ጠርተዋት፣ ማንም አለመስማቱን አረጋግጠው፣ «ሰናፍጭ ነው ልጄ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው» ብለዋት ነበር። የእናቷ ታናሽ እህት፣ አክስቷ፣ ፓስታው ሊበስል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መውጣት አለበት ብላ ምላለች። ሌላዋ ወተቱ የፈላ መሆን አለበት ትላለች፣ ሌላው ቀዝቃዛ። ዘጠኝ ፓትራ፣ ዘጠኝ ምስጢር፣ ዘጠኝ መሐላ። እሷም ለሁሉም «አዎ፣ አውቃለሁ» እያለች ራሷን ነቀነቀች፤ ሆዷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰው ሄደ። ለመንገደኛው ሁሉ ያስተማረች እናት እሷን አላስተማረቻትም።

ሳትጠይቅ ቀርታ አይደለም። የመጀመሪያው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ እናቷ አጠገብ ቆመች። «ወተት አልቋል፣ ሮጥ በይ» አለቻት እናቷ። ሮጠች። ስትመለስ ፓትራው ምድጃ ገብቷል። በሚቀጥለው ቺዝ አለቀ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ አንድ ሰው ስልክ ሊደውል ነውና ሳሎን ሆና መጠበቅ ነበረባት። ስልኩ አልጮኸም።

ትዳር ይዛ፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ ቤት ተከራይታ፣ እሁድ እሁድ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መምጣት ስትጀምር አንድ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ዱቄቱ ስንት ግራም ነው?»

«እስኪበቃው።»

«ወተቱስ?»

«ስጎው እስኪጠግብ።»

«እማዬ፣ በቁጥር ንገሪኝ እንጂ!»

«ሙያ በልብ ነው» አለች እናቷ እየሳቀች፣ ደብተሩን ከእጇ ወስዳ ማቀዝቀዣው ላይ ሰቀለችው። «ይልቅ ሂጂ ቁጭ በይና የሆስፒታሉን ወሬ አውሪኝ። ያቺ ጩኸታም አለቃሽ ዛሬስ ምን አለች?»

ልጅቱ ሄዳ ቁጭ አለች፤ አወራችም። ከምድጃው የሚመጣው ሽታ ቤቱን ሲሞላው «እኔ እኮ ለፓስታው ብዬ ነው የምመጣው» ትል ነበር፣ እናቷን ለማብሸቅ። እናቷም አትበሽቅም፤ ማንኪያዋን እየላሰች ትስቃለች።

በልጅነቷ ግን አንድ ነገር አጥፍታለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ረቡዕ እናቷን ልርዳ ብላ፣ የትምህርት ቤቱን ትልቁን ፓትራ ከነፓስታው ደረጃ ላይ ደፍታዋለች። የሠላሳ ልጅ ምሳ ነበር። እናቷ አልተቆጣችም፤ ልጆቹም በዚያን ቀን ዳቦ በማርማላታ በሉ። እሷ ግን ይኼው በሠላሳ ስምንት ዓመቷም አልረሳችውም፤ «እጄ ለዚህ እንደማይሆን እማዬ ያኔ ነው ያወቀችው» ትላለች ለራሷ። ይህን ሐሳቧን ለባሏ እንኳን ነግራው አታውቅም።

በስድስተኛው ቀን የሐዘንተኛው ቁጥር ሳሳ። ዘጠኙም ፓትራ ተበልቶ አልቋል። አክስቷ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰች፣ «ነገ እሁድ ነው» አለች። «ከነገ ወዲያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ራቱን አንቺ ሥሪልን። የእናትሽን ፓስታ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ልጇ አይደለሽ?»

ጡረተኛው ፖስተኛ «ከእናት እጅ ወደ ልጅ እጅ!» ብለው አጨበጨቡ። ጸጉር ሠሪዋ ስለ ገውዙ በዓይኗ ጠቀሰቻት። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ያኔውኑ እውነቱን መናገር ነበረባት፤ ግን ስድስት ቀን ሙሉ ራሷን ስትነቀንቅ ከርማ አሁን እንዴት ትመልሰው? «እሺ» አለች፤ ጉድ ፈላ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የእናቷ ወጥ ቤት ላብራቶሪ መሰለ። ሚዛን አለ፤ ቴርሞሜትር አለ፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ዘጠኙ ምስጢሮች በተራ ቁጥር ተጽፈው ተለጥፈዋል። በሥራ ቦታዋ በአንዲት ጠብታ ደም ሰው ምን እንደሚያመው የምታውቅ ሴት፣ እዚህ አንድ ድስት ወተት ፊት ቆማ ላብ አጠመቃት። የፈላ ይሁን ወይስ የቀዘቀዘ? ግማሹን አፈላችው፣ ግማሹን እንዳለ አስቀመጠችው።

ባሏ ቺዙን እየፈቀፈቀ ከኋላዋ ቆሞ እንደ ልማዱ ያስተምራል። «ቀስ፣ ቀስ። ነዳጅ ቀንሺ። አሁን ወደ ቀኝ አዙሪ። አይዞሽ፣ መንገዱ ባዶ ነው።»

«ዝም ካላልክ ከመኪናው አወርድሃለሁ» አለችው።

ዱቄቱን በቅቤ አቁላልታ ወተቱን ስትጨምር ስጎው ጓጎለ። ገውዙን ከተተች። ሰናፍጩን ከተተች። የሎሚ ልጣጭ፣ ቃሪያ፣ ማር፤ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ከተተች። ፓስታውን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አውጥታ፣ «በደንብ ካልበሰለ ዋጋ የለውም» ላለቻት ጎረቤት ስትል መልሳ ከተተችው። ከዚያ በማንኪያ ቀመሰች።

ባሏም ቀመሰ። ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«እንዴት ነው?»

«አ... ብዙ ነገር አለው» አለ።

ያኔ ነው አልቻል ያላት። ማንኪያውን ጥላ ወለሉ ላይ፣ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ስድስት ቀን በሰው ፊት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። አክስቷ ድምፅ ሰምታ ከሳሎን መጣች። ባልየው አንዴ አክስትየዋን አንዴ ሚስቱን አየና፣ መፈቅፈቂያውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ምነው ልጄ? ተቃጠልሽ?»

«አላስተማረችኝም» አለች። «ለሰው ሁሉ አስተምራ እኔን አላስተማረችኝም። አውቃለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ያንን ፓትራ ከደፋሁበት ቀን ጀምሮ እጄን አታምነውም ነበር።»

አክስቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«የትኛውን ፓትራ? ኧረ እሷ እሱን ረስታዋለች! ስሚኝማ። አምና በረንዳው ላይ አተር እየፈለፈልን፣ እኔው ራሴ ጠየቅኋት። ‹ይህችን ልጅ ለምን አታስተምሪያትም? ሰው ነን፣ ነገ አይታወቅም› አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?»

ልጅቱ ቀና አለች።

«‹የሰፈሩ ሰው ቢማር በየቤቱ ያበስላል፣ እኔን ምን ይጎዳኛል› አለችኝ። ‹እሷ ከተማረች ግን እዚያው ቤቷ ትሠራዋለች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ምን ልትሠራ ትመጣለች? እኔስ እሁድ እሁድ ማንን ልጠብቅ?›»

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ከሌሊት ተራ ወጥታ፣ እንቅልፍ እየጣላት፣ «ዛሬስ ልቅር» ብላ ያሰበችባቸውን እሁዶች አስታወሰች። ብዙ ነበሩ። ከአልጋ ያስነሣት የነበረው ያ ፓስታ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም። የእናቷ ተንኮል አንድም ጊዜ ሳይከሽፍ ሠርቷል። አሁን የሚያማት ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ከፊተኛው ሕመም ይልቅ ይኼኛውን መረጠች።

«ፓስታው ባይኖርም እመጣ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«እሱን እንኳን እንጃ» አለች አክስቷ። «የሌሊት ተራ ቀላል ነው?» ሁለቱም በእንባቸው መሃል ሳቁ።

«ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው ምስጢር?»

«ምን ምስጢር አለ? ዱቄት፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ቺዝ። የቀረውን ለያንዳንዱ ሰው ደስ ይበለው ብላ ፈጥራ ነው የምትነግረው። ገውዝ በዓይኗም አይታ አታውቅ።» አክስቷ ትንሽ አሰበችና ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ... ሁለት ደቂቃውም ውሸት ነው ማለት ነው?»

ጊዜ አልነበረም፤ የጓጎለውን እንዳለ ፓትራው ላይ ገለበጡት፣ ቺዙን አለበሱት፣ ምድጃ አስገቡት። ሲወጣ በአንድ በኩል ከስሏል፣ በሌላ በኩል ይንቦጫረቃል።

ሰዎቹ ገበታ ቀረቡ። ለወጥ ቤቱ በር የቀረበችው ወንበር ብቻ ባዶ ቀረች፤ እናትየው ሌላውን ለማብላት ስትነሣ ስትቀመጥ የኖረችባት ነበረች፣ ማንም ሊቀመጥባት አልደፈረም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ የሁሉንም ሳህን ሞልታ ስትጨርስ እሷኑ ጎትታ ተቀመጠች። ከዚያ ሆኖ ምድጃው በአንድ እርምጃ ይደረሳል።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለች፣ ማንም ሳይጎርስ። «እናቴ ይህን አላስተማረችኝም። ከናንተው ለቃቅሜ ነው የሠራሁት።»

ፖስተኛው ቀድመው ጎረሱ፤ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «ሰናፍጭ!» አሉ በኩራት። ጸጉር ሠሪዋም «ገውዝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ።

«ለርስዎም ነግረውዎታል?»

«ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ!»

የዚያን ምሽት ሳቅ እስከ ታች ፎቅ ድረስ ተሰማ። ምስጢሩ ሁሉ እየተዘረገፈ፣ የሞተችው ሴት አንድ በአንድ እንዴት እንዳታለለቻቸው እየተነገረ፣ ሳይታወቃቸው ያንን ጉድ ፓስታ በሉት። ባሏ የከሰለውን ጠርዝ በማንኪያ ፍቆ «ይኼኛው ጥግ ይጣፍጣል» አለ፤ የምሩን ይሁን አይሁን አልታወቀም።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ውሃ ለማምጣት ተነሣች፣ ጨው ለማምጣት ተነሣች፣ ለባሏ ለመጨመር ተነሣች። የራሷ ሳህን እንዳለ በረደ።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪና ብዪ እንጂ!» አለች አክስቷ።

«እበላለሁ፤ እናንተ ብሉ» አለችና፣ ፖስተኛው ይጨመርልኝ ሳይሏት ባዶ ሳህናቸውን ከእጃቸው ተቀበለች።