ዙሌይኻና የዓሚ ቡዝያን ሰንጠረዦች

በአልጄሪያዋ ከተማ በዋህራን፣ በደም ለጋሾች ማኅበር እኔ ስልክ ደዋይ ነኝ። ደም ሲጠፋ ለጋሽ ፈልጌ እጠራለሁ። የለጋሾቹ ስም ያለው ዓሚ (አጎቴ) ቡዝያን የምንላቸው መሐንዲስ ጡረታ ሳይወጡ በሠሩት ዳታቤዝ፣ ማለትም የኮምፒውተር መዝገብ፣ ውስጥ ነው።

አለቃችን ሲ ለኽዳር («ሲ» እኛ ዘንድ «አቶ» ነው) አዲስ ድረ ገጽ አማረው። ያመጣው አማካሪ የዳታቤዙን የድሮ ሰንጠረዦች አይቶ ሳቀ።

«ይሄ የአያቶች ነገር ነው። ጥላችሁት ከባዶ ጀምሩ።»

ፕሮግራም የምትሠራልን ዙሌይኻ ደሟ ፈላ። «የስንት ሰው ደም ታሪክ ነው የሚጣለው? ዳታቤዙን ሳልነካ አዲሱን ድረ ገጽ አገናኘዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከእጅሽ ይቀድማል» አለ ሲ ለኽዳር።

«እጄን ደግሞ ያዩታል።»

ድረ ገጹን የምትሠራበት ማዕቀፍ፣ ያ ዝግጁ የፕሮግራም መሣሪያ፣ ሰንጠረዦቹን አንብቦ ለእያንዳንዱ ሞዴል፣ ማለትም ሰንጠረዡን ለድረ ገጹ የሚገልጽ ኮድ፣ በራሱ ይጽፋል። ጻፈም፤ ግን በግምት ነበር። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ መለያ ቁጥር የሚባል ዓምድ አለው ብሎ፣ የሌለውን እየፈለገ ስህተት ዘረገፈ። ዙሌይኻ ሞዴሎቹን አንድ በአንድ አረመቻቸው። መለያው የለጋሹ ካርድ ቁጥር መሆኑን አስታወቀችው። ሰንጠረዦቹን እንዳያፈርስና እንዳይለውጥም ከለከለችው። «አንብብ፣ መዝግብ፤ የቤቱ ባለቤት ግን አንተ አይደለህም» እያለች ከኮምፒውተሩ ጋር ስታወራ እስቅባት ነበር።

አንድ ዓምድ ብቻ አስቸገራት። ስሙ «አር» የምትል አንዲት የላቲን ፊደል (R) ብቻ ናት፤ አንዳንዱ ለጋሽ ላይ ምልክት አለ፣ ሌላው ላይ የለም።

«ተያት፣ ቁም ነገር ብትሆን ስም ይወጣላት ነበር» አለ አማካሪው።

«የማላውቀውን አልጥልም» አለችና እኔን አስከትላ ዓሚ ቡዝያን ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ሻይ ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ዶሚኖ ይጫወታሉ።

«ሥራዬን ልትቀብሩት ነው አሉ። ለቀብር ልትጠሩኝ መጣችሁ?»

«ኧረ ዓሚ፣ እኔስ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ‹አር› ምንድን ናት?»

እጃቸው ላይ የነበረችውን ዶሚኖ አስቀመጡ።

«የረህመት መጀመሪያ ፊደል ናት፣ ልጄ። አላህ ይማራቸው ማለቴ ነው። ያረፉ ለጋሾቻችን ናቸው። ደማቸው ስንቱን አድኖ እንዴት ከመዝገብ ልሰርዛቸው? ምልክት አደረግሁባቸው፤ የድሮው ፕሮግራም ምልክት ያለበትን ለደዋይ አያሳይም፣ ማንም ቤታቸው እንዳይደውል።»

ዙሌይኻ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፈችው። እኔ ደግሞ የሟች ቤት ደውዬ «አባትሽ ደም ይስጡልን» ስል ታየኝ።

በማግስቱ ሞዴሉ ላይ ዓምዱን «ያረፉ» ብላ ሰየመችው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን እንደ ድሮው «አር» ነው። ሁለቱን አገናኘቻቸው። ድረ ገጹ ያረፉትን በክብር ያሳያል፤ ከጥሪ ዝርዝር ግን ያወጣቸዋል።

ድረ ገጹ በተከፈተ ሰሞን ከጎረቤት ከተማ ከሞስታጋነም አንዲት ወላድ ብርቅ የደም ዓይነት አስፈለጋት። ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የነበረውን ፍለጋ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ከስልኩ ማዶ አንድ ዓሣ አጥማጅ «አሁኑኑ እነሳለሁ» አለ። እናትም ሕፃንም ዳኑ።

ሲ ለኽዳር ዙሌይኻን ሰው ሁሉ ፊት አስቆማት። «እጅሽን አየሁት» አላት።

ዓሚ ቡዝያን ግን ሻይ ቤቱ ቁጭ ብለው ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። «እኔ ሠራሁት፣ እሷ አናገረችው» ይላሉ፤ ከዚያም ለሁሉም ሻይ ያዛሉ።