ሙሐሲን የሠራው የዶሮ ቤት

ገብስማዋ ዶሮ እንቁላሏን እንደታቀፈች ሞታ አደረች። ጠይባ ስታነሳት ላባ ብቻ ያነሳች መሰላት። አናቷ ላይ የነበረው ቀይ ሥጋ ነጥቷል። ከክንፏ ሥር ወጥቶ ወደ ጠይባ ክንድ የሚርመሰመሰው ደቃቅ ተባይ ግን ደም ጠግቦ ቀልቷል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ዝናሽ ከመካነ ሰላም መጥታ ነግራታለች። ይህ ጉድ ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይውልም። የዶሮ ቤቱ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ሥር ተሸጉጦ ይውልና ሲመሽ ወጥቶ ደም ይመጥጣል።

«ይህን የተባይ ዱቄት ክንፋቸው ሥር ነስንሺ፤ ከሳምንት በኋላ ድገሚው» አለቻት። «ቤቱን ካልነካሽው ግን በከንቱ ነው የምትደክሚው። ቅርፊቱ መላጥ አለበት። እንዲህ የተወረረውንማ እኔ ብሆን አቃጥለው ነበር።»

ጠይባ ያልሞከረችው የለም። ዱቄቱን ነሰነሰች፣ አመድ በተነች፣ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ አፈሰሰች፣ ላምባ ቀባች። አማቷ ኡሙልኸይር ይህን ሁሉ ሲያዩ አልከለከሏትም። ቅርፊቱን ልትልጥ ቢላ ስታነሳ ግን ከደጃፍ ተነስተው መጥተው እጇን ያዙ።

«ልጄ በእጁ የሠራውን አታፈራርሺብኝም። ሲመጣ እንደተወው ያገኘዋል።»

ልጃቸው ሙሐሲን፣ የጠይባ ባል፣ ወደ ዓረብ አገር ሊወጣ ሲል ነው ያንን የዶሮ ቤት የሠራው። አናጢ አልነበረም። ባሕር ዛፉን ከነቅርፊቱ ቸነከረው፤ ለበሩ ማጠፊያ ቢያጣ የአሮጌ ጫማውን ላስቲክ ቆርጦ መታበት። በሩ ሲከፈት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ኡሙልኸይር ያንን ድምፅ ካልሰሙ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም ነበር።

ሙሐሲን ግን አይመጣም። አብሮት የወጣው አህመዲን ወደ አገሩ ወደ ወረኢሉ ሲመለስ ወሬውን ይዞ ነው የተመለሰው፤ ሙሐሲን የመን በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞቶ፣ አሸዋውን በእጁ ጭሮ የቀበረው እሱ ራሱ ነው። ለእናትየው መናገር አልደፈረም። ለቅሬው፣ ለመንደሩ እድር፣ ዳኛ ለአራጌ ነግሮ ሄደ። መርዶ ደግሞ በአገሩ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ተሂዶ፣ አጽናኝ ሴቶች ከኋላ ቆመው ነው የሚነገር።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ቀጠሩ። ደም ግፊት አለባት፣ ረመዳን ይውጣ አሉ። ረመዳን ወጣ። አጨዳው ይለፍ አሉ። አጨዳውም አለፈ። ይሉኝታ እያሉ የሚጠሩት ፍርሃት እንዲህ አድርጎ ዓመት ያስበላል። አገሩ ሁሉ አውቆ እናትየው ብቻ ሳያውቁ ቀሩ።

ይህም ባልከፋ። ኡሙልኸይር ልባቸው በተረበሸ ቁጥር ሐሙስ ማታ ዱዓ ያስደርጋሉ። ከጠይባ ዶሮዎች ያማረው ይታረዳል። አራጌና ባልደረቦቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ኡሙልኸይር «ልጄን በሰላም መልስልኝ» ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። መሞቱን የሚያውቁት ሰው በሰላም እንዲመለስ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል።

ሽማግሌዎቹ ለጠይባ በጓሮ ነግረው እንዳትናገር ቃል አስገብተዋታል። ባሏን አላለቀሰችም፣ ሐዘን አልተቀመጠችም። በኢድ አማቷ «ባል ያላት ሴት እጇ ባዶ አይሆንም» እያሉ ሂና ሲቀቧት እጇን ትዘረጋላቸዋለች። በዚህ ቤት የኔ የምትለው ዶሮዎቿን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እነሱንም ለሞተ ሰው እንጨት ብላ አንድ በአንድ እየቀበረች ነው። ገብስማዋን ከአጥሩ ሥር ቀብራ አፈሩን በንዴት ረገጠችው።

ኡሙልኸይር ለደም ግፊታቸው ክትትል መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ጠይባ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸውና ተመለሰች። የተረፉት ዶሮዎች ላይ ዱቄት ነስንሳ ቅርጫቶች ደፋችባቸው። የተላጠ አዲስ እንጨት አስቀድማ አስመጥታ ነበር፤ ውሸቷንም አዘጋጅታለች፤ ባለሙያዋ ግድ አለችኝ ትላለች። ላምባውን የዶሮ ቤቱ ላይ ደፍታ ክብሪት ጫረች።

እሳቱ ቅርፊቱን ሲይዘው በውስጡ የተሸጎጠው ተባይ ተንጣጣ። ጠይባ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። መጨረሻ የነደደው በሩ ነበር። የላስቲኩ ጥቁር ጭስ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኛ።

ኡሙልኸይር ሲመለሱ ከሩቅ ሸቷቸዋል። ገብተው አመዱ ፊት ቆሙ፤ የመድኃኒት ፌስታላቸው ከእጃቸው አልወረደም።

«እማ፣ ዝናሽ ናት ግድ ያለችኝ። አዲሱን ዛሬውኑ...» ብላ ጀመረች ጠይባ።

አሮጊቷ ወደ እንጨቱ አላዩም። የሚያዩት የጠይባን ፊት ነበር።

«ይመጣል ብትዪ ኖሮ እሳት አትለኩሺም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ቀበረው?»

ጠይባ ውሸቱን ተወችው። «አህመዲን» አለች።

አራጌ ጭሱን አይቶ ጋቢውን እየጎተተ ደረሰ። የኡሙልኸይርን ፊት ሲያይ ሁሉም ገባው። «ውይ እህቴ፣ እኛ እኮ ለሰኞ ማለዳ ነበር ያሰብነው» አለ።

«አራጌ፣ አሚን ብለሃል» አሉት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ልጄን መልስልኝ ስል፣ ዶሮዬን በልተህ፣ እጅህን ዘርግተህ አሚን ብለሃል።»

ጠይባ አማቷን ልትደግፍ ቀረበች።

«አንቺም ከጓዳ ሆነሽ አሚን ብለሻል» አሏት ክንዳቸውን እያሸሹ። «ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ።»

ኡሙልኸይር ለብ ካለው አመድ ዳር መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ሻሻቸውን ፈቱ። ጩኸት ሰምተው ሳይሆን ጭሱን አይተው ሴቶች ከጎረቤት መምጣት ጀመሩ። በግርግሩ አንዱ ቅርጫት ተገለበጠ። ዶሮዎቹ ወጥተው አመዱ ጫፍ ደረሱና እየተንከባለሉ፣ ክንፋቸውን እየዘረጉ ይታጠቡበት ጀመር። ጠይባ ልታባርራቸው እጇን አነሳች።

«ተያቸው» አሉ ኡሙልኸይር። «እነሱ እንኳ ይረፉ።»

ሴቶቹ አሮጊቷን ከበው ለቅሶውን ጀመሩት። ጠይባ ከአዲሱ እንጨት ክምር አጠገብ ቆማ ቀረች። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ከማን ጋር እንደምታለቅስ ግን አላወቀችም።