አንድ ክንድ ፊልም

አርብ ገበያ ከተማ ሲኒማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መንግሥት ነው የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ላንድሮቨሩ ከከተማው በታች ያለው ረግረግ ውስጥ እስከ በሩ ሰጥሞ ሲቀር መንግሥት የት ነበር? ቡሬ የሚባለውን በሬዬን ጠምጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ጥማድ በሬና ሠላሳ ሰው ነው የጎተተው የሚል ወሬም አለ። እውነት ነው፣ ነበሩ። ግን ቡሬ አንዴ ሲያጓራ ሌሎቹ ገመዱን ተደግፈው ነው የቆሙት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ጎበዙ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ጊዜ፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን። ማሽኑን ይዞ የመጣው ጣሰው የሚባል ቀጭን የከተማ ሰው ነበር። ዕለቱ አርብ ስለሆነ ገበያተኛው አህያውን እያሰረ ወደ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ጎረፈ። መስኮቱን በጆንያ ደፈንን፤ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠርን፤ ውጭ ጄኔሬተሩ ማንቧቧት ጀመረ። የሰዉን ብዛት አሥር ሺህ ብል አሳንሼ ነው። መጋዘኑ ይህን ያህል አይችልም ላለኝ ሰው፣ ያን ቀን ቻለ ብዬዋለሁ።

ፊልሙ የሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ተራራ፣ አቧራ፣ ታንክ። ታንኩ ወደ እኛ ሲዞር የፊተኞቹ ወደ ኋላ ተንፏቀቁ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። እግሬ ሌላ ሰው ሥር ተይዞ ነው የሚሉ ምቀኞች ናቸው።

ከዚያ ጥቂት ወታደሮች በአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተቀምጠው ታዩ። አንዱ፣ ፊቱን ከእኛ ያዞረ፣ ኮዳውን ከወገቡ ፈታ። ከውሃው ጥቂት በግራ መዳፉ አፈሰሰና ቀመሰ። የረጠበውን መዳፍ ፀጉሩ ላይ አበሰ። ኮዳውን ለጓደኛው አቀበለ። በቃ፤ ታንኩ ተመልሶ መጣ።

በእኛ አገር ለሰው መጠጥ የሚያቀብል በመዳፉ ቀድሞ ይቀምሳል። ክፉ ነገር ካለው እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። ይህንን ማንም የጋይንት ልጅ ያደርገዋል። መዳፉን ፀጉሩ ላይ የሚያብስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ተዋበች ብድግ አሉ። ጥላቸው አቡጀዲው ላይ አረፈ።

«ደምሌ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ጋረዱን እኮ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ዘጠኝ ወር በሆዴ ጋርጄዋለሁ። ዛሬ ለአንተ ብዬ ልቀመጥ?»

ደምሌ አንድ ልጃቸው ነው። ከዘመተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አብሮት የነበረ የስማዳ ልጅ ቆስሎ ወደ አገሩ ወገዳ ሲመለስ ‹ከዚያ ጦር የተረፈ የለም› ብሎ ነበር። የእትዬ ተዋበች የሟች ባላቸው ወንድም አያ ካሳ ሽማግሌ ይዘው ጎሕ ሲቀድ መርዶ ሊነግሩ ሄዱ፤ እትዬ ተዋበች በራቸውን አልከፈቱም። ደግመው ሄዱ፤ አልተከፈተም። እናት መርዶ ሳትቀበል ለቅሶ አይቀመጥም፤ ለቅሶ ካልተቀመጠ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። አያ ካሳን ይህ እንቅልፍ ነሳቸው። የወንድማቸው ልጅ እንደ አውሬ ሜዳ ላይ ሳይፈታ ሊቀር ነው።

በዚያ ቀን አያ ካሳ መጋዘኑ ውስጥ አልገቡም። «ጨርቅ ላይ የሚሄድ ሰው አላይም» ብለው በቅሏቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ደርሷቸዋል።

«ተዋቡ፣ ፊልሙ የዛሬ ነው የአምና ማን ያውቃል?» አሏቸው። «የታየ ሰው ሁሉ አለ ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አያ ካሳ።»

«ታዲያ?»

«ቀምሶ ሰጠ። እሱ ይጠጣ አይጠጣ ሳላይ ታንኩ መጣብኝ። አንዴ ልየውና ከዚያ እንደ ቃልዎ እቀመጣለሁ። ለመርዶውም በሬን እከፍትልዎታለሁ።»

አያ ካሳ በቅሏቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ማን ነው መልሶ የሚያመጣው?»

«እኔ» አልኩ። ሌላ ማን ሊል ነው? «ጣሰው ማለት የእጄ ሰው ነው። ለሚመጣው አርብ ብዬ ካዘዝኩት ሐሙስ እዚህ ያድራል።»

አያ ካሳ መሬቱን በዘንጋቸው ጫር ጫር አደረጉ። «አስማረ፣ የአንተን አፍ እንደ ጤፍ ብንወቃው ገለባው ለጋይንት ከብት ሁሉ ይበቃ ነበር።»

የሚመጣው አርብ መጣ፤ ጣሰው አልመጣም። ሌላውም አርብ አለፈ። እትዬ ተዋበች ግን በየአርቡ ሽንብራቸውን ሸጠው ሲያበቁ እህል ከምሸጥበት ቦታ መጥተው ከጆንያዬ ጫፍ ይቀመጣሉ።

«መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«እስኪመጣ ንገረኝ።»

እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ልማዴ ነበር፦ ደምሌ ኮዳውን ሲፈታ ተራራው ተንቀጠቀጠ፣ ጄኔራሉ ከሩቅ አይቶ ‹ይህ የማን ልጅ ነው› አለ። እትዬ ተዋበች እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ያሳርፋሉ።

«ተው፣ አስማርዬ። ጄኔራሉን ተወው። ውሃውን ብቻ።»

እኔ ደግሞ አንዲት ቁንጫ ነከሰችኝ ለማለት ጅብ ካልጨመርኩ አፌ አይፈታም። ያን ግን ተማርኩት። ኮዳውን ፈታ። በግራው አፈሰሰ። ቀመሰ። ፀጉሩ ላይ አበሰ። ሰጠ። በዕድሜዬ ሳልጨምር ያወራሁት ወሬ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ከማንም አሳምሬ ነው ያወራሁት።

«እሱስ ጠጣ?» ይሉኛል ሁልጊዜ።

«እሱን ፊልሙ ሲመጣ እናያለን።»

ይነሳሉ፤ ባዶ ስልቻቸውን ያራግፋሉ፤ ይሄዳሉ። እኔም ብሆን ቤቴ ገብቼ ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ያ ልጅ ፊቴ ይደቀናል። ጓደኛው ኮዳውን ጨርሶበት ይሆን?

አዝመራው ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ነፋስ መውጫ ከተማ ወጣሁ። ሌላው ሰው ቀን ሙሉ የሚሄደውን ከቁርስ እስከ ምሳ አደረስኩት። እዚያም ለሹሞቹ ‹የታች ጋይንት ገበሬ ያን ፊልም ካላየ ዘንድሮ ሞፈር አይነካም› አልኳቸው። በሳምንቱ ላንድሮቨሩ መጣ። ጣሰው ‹ድሮም ታዝዤ ነበር› ይላል። ይበል።

በዚያ አርብ እትዬ ተዋበች የታጠበ ቀሚስ ለብሰው፣ አንድ ጥቅል ታቅፈው መጡ። የደምሌ ጋቢና የታቦት ቀን የሚለብሰው ቁምጣ ነው። ሬሳ ለሌለው ለቅሶ ልብሱ ነው የሚዘረጋው። ቃላቸውን ይዘው መምጣታቸውን ሁሉም አየ። አያ ካሳም በቅሏቸውን አስረው ገቡና በሩ ጥግ ቆሙ።

ተራራው መጣ። አቧራው መጣ። ታንኩ ሲዞር አሁን የሸሸ የለም። ቋጥኙ መጣ፣ ወታደሮቹ ተቀመጡ። የእትዬ ተዋበች እጅ ክንዴን ያዘ። ደምሌ ወገቡን ዳሰሰ፤

አቡጀዲው ላይ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፤ ታንኩ ነበር።

«አቁም» አልኩ። «ጣሰው፣ መልሰው።»

መለሰው። ወገቡን ዳሰሰ፣ ብልጭ፣ ታንክ።

«ስማዳ ስናሳይ ተበጥሶብኝ ነው» አለ ጣሰው። «የተጎዳውን ቆርጬ ቀጠልኩት። ብዙም አይደል፣ ይህችን ታህል ናት።» ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ አሳየን።

«የት አደረግካት?»

«ማን ያስቀምጠዋል? ጣልኩት።»

ማሽኑ ባዶ ብርሃን እየተፋ ቀረ። እትዬ ተዋበች ነጩን ጨርቅ ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ንገረኝ።»

ተነሣሁ። «ኮዳውን ፈታ። በግራ መዳፉ አፈሰሰ። ቀመሰ። ፀጉሩ ላይ አበሰ። ለጓደኛው ሰጠ።»

«ከዚያስ?»

ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው።

«ጓደኛው አንዴ ተጎነጨና መለሰለት» አልኩ። «ደምሌም ጠጣ። ቀና ብሎ ጠጣ፣ እስኪበቃው። በአንገቱ ላይ ፈሰሰ። የተረፈው ፊቱን አስታጠበው።»

እትዬ ተዋበች ዓይኔን አልለቀቁትም። ደግሞ ‹ተው፣ አስማርዬ› ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አያ ካሳ ከበሩ ጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም አይቻለሁ።»

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ደጅ ቆመው እንደነበር ከእትዬ ተዋበች ይበልጥ የሚያውቅ የለም። አያ ካሳን ዞረው አዩ። ከዚያ ጥቅሉን ፈቱ፤ ጋቢውን መሬት ላይ ዘረጉ፤ ቁምጣውን በላዩ አሳረፉ፤ አጠገቡ ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቧቸው፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

ቀምሶ ሰጠ ሲሉኝ ሆዴ ተንሰፍስፎ፣
ጠጣልኝ ልጄማ ውሃው ካንገት አልፎ።

ይህን ግጥም ‹አንተ ነህ የሰጠሃት› የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይደለሁም፤ የራሳቸው ነው።

ያችን አንድ ክንድ ፊልም ግን ስማዳ በወረድኩ ቁጥር፣ እስቴም በተሻገርኩ ቁጥር እጠይቃለሁ። የወደቀ ነገር የሚለቅም ሰው አይጠፋም። ለእትዬ ተዋበች አይደለም፤ እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጠጣ ብዬ ከመናገሬ ብዛት እኔ ራሴ ሲጠጣ አየዋለሁ፣ ውሃው በአንገቱ ሲወርድ። አንዴ ብርሃን ላይ አንሥቼ ባያት፣ ጓደኛው ኮዳውን ሲመልስለት ይታየኝ ይሆናል።