ፊቱ ወደ እኛ ነበር

«ድንኳኑ ለማን ነው?» አለች ከውጫሌ የመጣች አንዲት ሴት ጫማዋን እያወለቀች።

«ለኑርዬ ልጅ፣ ለሐቢብ።»

«ያ ወደ ሻዕቢያ የገባው?»

«ቀስ በይ እንጂ! እህቱ ትሰማሻለች።»

ራዚያ ሰምታለች። ግን እንደ ድሮው አንገቷን አልደፋችም። ከያዘችው ሳህን ንፍሮ ዘግና ለሴትዮዋ ሰጠቻትና፣ «ብሉ እናቴ፣ የወንድሜ ነው» አለቻት። «ወንድሜ» የሚለውን ቃል በሰው ፊት ካወጣችው ዓመታት አልፈዋል።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ከሐይቅም፣ ከውጫሌም፣ ከግሸን ሥርም ሰው ይጎርፋል። አባቷ ኑርዬ ከድንኳኑ አፍ ቆመው የመጣውን ሁሉ እጅ ይጨብጣሉ። «አላህ ይርሀመው» ሲሏቸው «አሚን» የሚሉት ጮክ ብለው ነው። ልጁን እንደሚድር አባት ደረታቸውን ነፍተዋል። ለቀስተኛው በዚህ ግራ ተጋብቷል።

ሐቢብ ሰው ሲጣራ ሰምቶ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። ለእጮኛው ቤተሰብ ሊታይ የሄደ ዕለት እንኳ፣ ከገደሉ ማዶ አንድ ሰው «በሬዬ ማጥ ገባብኝ!» ብሎ ሲጮህ ሰምቶ ከመንገድ ተመለሰ። አማቶቹ ዘንድ የደረሰው እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ነው። እነሱ ሲቀየሙ ኑርዬ ግን በሳቅ ፈረሱ። «ይሄ ልጅ የኔ ነው!» አሉ።

ቆይቶ ወታደር ሆነ። ያኔ ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት በስምምነት ቆሟል ይባል ነበር። ድንበሩ ላይ ግን ሁለቱም ወገን ምሽጉን አልለቀቀም። አንዳንድ ቀን ከዚህ ተኩስ ይነሳል፣ ከዚያ መልስ ይመጣል፣ ሬዲዮውም ሳያወራው ያልፋል። ከእንዲህ ያለው ቀን በአንዱ ማግስት ነው ከጦሩ ሰው ተልኮ መጥቶ ኑርዬን፣ «ልጅዎ ምሽጉን ለቆ ወደዚያ ሲሻገር ታይቷል» ያላቸው።

ሞተ ቢሏቸው ያለቅሱ ነበር። ከዳ ሲሏቸው ግን ደጃቸውን ዘጉ። ኑርዬ የእርሻ ወሰን ጠብ ሲነሳ ሁሉ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ተነስቶ፣ «አንተ የኔን ወሰን ከማስከበርህ በፊት ልጅህ ወሰን እንዳይዘል አትጠብቀውም ነበር?» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና ወጥተው አያውቁም። የሐቢብም ስም ከቤቱ ጠፋ።

ዘንድሮ በአዲስ ዓመት ድንበሩ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ፣ ራዚያ ሐይቅ ገበያ ዓሣ ስትበልት፣ አንዲት የምታነክስ ሴት አጠገቧ ቆመች።

«እህቴ፣ የአምባሰሉን ኑርዬን ታውቂያቸዋለሽ? ሐቢብ የሚባል ወታደር ልጅ ነበራቸው።»

ራዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ደግሞ ምን አደረገ?»

«አዳነኝ» አለች ሴትዮዋ።

ስሟ ኢቲሳም ነው። ያን ዕለት ዓሣው ሳይሸጥ ቀረ። ሁለቱ ተያይዘው ኑርዬ ዘንድ ሄዱ። ኑርዬ ሁሉንም ሰምተው ከጨረሱ በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ድንኳን ትከሉ።»

አሁን ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አብዱልሰመድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኑርዬ፣ አትቀየመኝ። ሰው የሚያወራውን እኔ ልጠይቅህ። ልጅህ ምሽጉን ጥሎ ሄዷል። ለየትኛው ሞቱ ነው የምንሰግድለት?»

ራዚያ ሳህኑን ደረቷ ላይ ያዘች። ኑርዬ ወደ ሴቶቹ ወገን ሄደው ኢቲሳምን በእጇ ይዘው አመጡና በወንዶቹ መካከል አቆሟት።

«ንገሪያቸው ልጄ።»

«እኔ የደሴ ልጅ ነበርኩ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ወሎ አለ። «በጦርነቱ ጊዜ ከኤርትራውያን ወላጆቼ ጋር ወደዚያ ተባረርን። ያን ዕለት በሁለቱ ምሽግ መካከል ካለው ወንዝ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ተኩስ ተነሳ፣ እግሬን ተመታሁ። በትግርኛ ጮህኩ፣ ማንም አልመጣም። ሲብስብኝ ጊዜ የልጅነቴ ቋንቋ አመለጠኝ፤ 'የሰው ያለህ!' አልኩ። እሱ መጣ። 'የማን ልጅ ነሽ?' ሲለኝ 'የደሴ' አልኩት። በዚያ ጥይት መካከል ሳቀ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳያስበው ፈገግ አለ።

«በጀርባው አዝሎ ወደ መንደሬ ወሰደኝ። መሣሪያውን አልጣለም፣ ደረቱ ላይ ነበር። የኛዎቹ ሲያዩን ተኩስ አቆሙ። 'እዚሁ ቅር፣ ትተርፋለህ' ብለው ለመኑት። 'አይሆንም' አላቸው። 'የአምባሰሉ ኑርዬ ልጅ ከዳ አይባልም' ብሎ ዞረ። ወንዙ ሳይደርስ ፈንጂ ረገጠ። ሰዎቻችን ከፍነው ሰግደውበት ቀበሩት። ሲወድቅ ፊቱ ወደ እናንተ ነበር።»

አብዱልሰመድ ከተቀመጡበት ተነሱ። በሰው መካከል እየተራመዱ መጥተው የኑርዬን ትከሻ ሳሙ።

«አውፍ በለን ኑርዬ። ሁላችንንም ይቅር በለን።»

«ብያለሁ» አሉ ኑርዬ። «አሁን ስገዱለት።»

አስከሬኑ በሌለበት የሚሰገደው ሶላት ተጀመረ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰልፉ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ዳር ይዘው ቆሙ። ሶላቱ ሲያበቃ ከመካከላቸው እትዬ ጥሩሰው፣ ሐቢብን ያዋለዱት አሮጊት፣ መቻል አቃታቸው።

«እልልልል!»

ሰው ደንግጦ ዞረ። «ኸረ ለቅሶ ነው!» አለ አንዱ።

«ተዋት» አሉ ኑርዬ። «ተዋት፣ በእልልታ ትሸኘው!»

ያን ጊዜ ሌሎቹም ሴቶች ተቀበሏቸው። እልልታው ከአምባሰል ገደል ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። የወሰን ጠብ ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች ለቅሶው እስኪያልፍ እንኳ አልጠበቁም፤ እዚያው ቆመው፣ «ኑርዬ ካልዳኘን አንታረቅም» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ሰው ተሰናብቶ አለቀ። ራዚያ ሳህኖቹን ልትሰበስብ ወደ ድንኳኑ ስትመጣ አባቷ ብቻቸውን ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አልጠራቻቸውም። ወደ ኋላዋ ተመልሳ የታሰረውን የድንኳን መጋረጃ ፈትታ ለቀቀችው፣ ከፊቱም ቆመች።

ዘግይተው የደረሱ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ኑርዬ የሉም እንዴ?»

«አሉ። ትንሽ አረፍ ይበሉ አባባ» አለች ራዚያ ደጅ ያለውን ድንጋይ እያሳየቻቸው። «ልጃቸው ሞቶባቸው ነው።»