አለልኝ ለማኦሪው ወንጌል ይዞ የሄደ ዕለት

«በመጨረሻ መጣችሁ!» አለ ሄሚ፣ አለልኝ እጅ ላይ ያለውን መጥረቢያ እያየ። «ከማክሰኞ ጀምሮ እየጠበቅኋችሁ ነው። ዛፉ በዚህ በኩል ነው።»

አለልኝ እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይሄድለት ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ፣ እትዬ ከድሪያ?»

«እየጠበቅኋችሁ ነበር አለ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጌታ ልቡን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል ማለት ነው!»

የቀረውን ልተረጉምለት አፌን ስከፍት ሁለቱም ሄደዋል።

ሄሚ ከኒውዚላንድ የመጣ ማኦሪ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ወገን ነው። ጎረቤቴ ነው፣ ትራክ ይነዳል። በሰሞኑ አውሎ ነፋስ ድራይቭዌዩ፣ የመኪና መግቢያው ላይ ዛፍ ወድቆበት ቆራጮች ጠርቶ ነበር። አለልኝ ደግሞ ከቤቴ ሥር ያለው ቤዝመንት ተከራይ ነው፤ ቀን ዕቃ መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ይሰብካል። ወንጌላዊ አድርገው እንዲሾሙት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ እሁድ አንድ አዲስ ነፍስ ይዞ እንዲመጣ። ከተማችንን ብሩክሊን ፓርክን ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ሲያንኳኳ በር የሚከፍትለት ሁሉ ወይ ቀድሞ የዳነ ነው፣ ወይ እንደ እኔ ሙስሊም ነው። እኔንም አንዴ ሞክሮኛል። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ሄሚ ማኦሪ መሆኑን ስነግረው ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ። ድሮ ወደ ማኦሪዎች የሄዱት ሚሲዮናውያን መጥረቢያ ይዘው እንደሄዱ፣ ማኦሪዎቹም መጥረቢያ አጥብቀው ይፈልጉ እንደነበር አነበበ። ሰው ቤት ባዶ እጁን መሄድ ደግሞ አይሆንለትም። እንደ ሰው ብርቱካን ቢገዛ ምን ነበረበት? ሄዶ መጥረቢያ ገዛ።

«አለልኝ፣ እዚህ አገር መጥረቢያ ተይዞ በር አይንኳኳም» ብዬ ብነግረው፣

«እትዬ፣ ባህላቸውን ማክበር አለብን» አለኝ።

ተከትያቸው ዛፉ ጋ ስደርስ አለልኝ ኮቱን አውልቆ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይፈልጣል።

«ሰውዬው እኮ ዛፍ ቆራጭ መስለኸው ነው!» አልኩት።

«ገብቶኛል» አለ እያለከለከ። «ከጀመርኩ በኋላ እንዴት ላቁም? የአማኝ ስም ይጠፋል።»

ነገሩን፣ መጥረቢያው ስጦታ መሆኑንም ለሄሚ አስረዳሁት። ከዚያ መጥረቢያውን ተቀበለ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ «ጥሩ ነው» አለ። እንደ አገሩ ሰላምታ አፍንጫውን ከአለልኝ አፍንጫ ጋር ሊያገናኝ ጎንበስ ሲል አለልኝ ጉንጩን ሊስም ዞሮ ኖሮ ተጋጩ።

ቤት አስገብቶ የበግ ሥጋና ድንች አቀረበልን። ሥጋው ሐላል መሆኑን ጠየቅሁ፤ ከሶማሌዎቹ ሱቅ ነው አለኝ። አለልኝ እንደ ወጋችን «በልቻለሁ» አለ። ሄሚ አምኖት ሳህኑን አነሳ።

«ይበላል፣ ይበላል» ብዬ ሳህኑን አስመለስኩለት።

ከዚያ ሄሚ አንገቱን ደፍቶ በቋንቋው ለረጅም ጊዜ አነበነበ። ሲጨርስ አለልኝ ሳያስበው «አሜን» አለ። ወዲያው ቀና ብሎ አፈጠጠ።

«ምን እያደረገ ነው?»

«እየጸለየ።»

«ለማን?»

ጠየቅሁለት። «ለኢየሱስ ነዋ» አለ ሄሚ። «የአያቴ አባት ቄስ ነበሩ። ቤታችን ወንጌል ከገባ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱስ መቼ ተቀበለ?»

አለልኝ ጌታን የተቀበለው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሜፕልዉድ ከተማ ሲኖር ነው። ይህን ስናገርለት አለልኝ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሽማግሌዎቹ አዲስ ነው ያሉት» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን አይቆጥሩልኝም። እሁድ ምን ይዤ ልግባ?»

ይህንንም ለሄሚ ተረጎምኩለት። አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅነው።

«የመጀመሪያዎቹ ሚሲዮናውያን እኛ ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠው አንድም ሰው አላጠመቁም» አለ። «የሚበሉትን እንኳ የሚያገኙት ከእኛ ሰዎች ነበር።»

አለልኝ ነፍስ ዘራ። «ታዲያ አለቆቻቸው ዝም አሏቸው? ይጠይቁልኝ እስቲ፣ እትዬ።»

«አለቆቻቸው እንግሊዝ አገር ነበሩ» አለ ሄሚ። «ደብዳቤ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ዓመት ያልፋል። የሱ አለቆች የት ናቸው?»

«ብሩክሊን ሴንተር» አልኩት።

ሄሚ ጥቂት አሰበና የአለልኝ ሳህን ላይ ድንች ጨመረ።

«እሱ ቅርብ ነው» አለ። «በጣም ቅርብ ነው።»