ውኃ የማትጠጣው ታንኳ

ከአያ ደሴ የገዛኋት ታንኳ ውኃ አትጠጣም። የምትጠጣው ቅናት ነው። ይህን ገና ገንዘቤን ሳልሰጣቸው ነግረውኛል፤ ስለዚህ አታለሉኝ ብዬ አልወቅሳቸውም።

ነገሩ የጀመረው ጎረቤቴ አንማው ፋይበር ጀልባ የገዛ ዕለት ነው። ጀልባው ነጭ ነው፣ ጠርዙ ቀይ። ባለቤቴ የሻረግ ጣና ዳር ልብስ አጥባ ስትመለስ አይታው ኖሮ፣ «ያምራል» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ራቴን አልበላሁም። በማግስቱ ጊደሯን ሸጬ ጀልባ ፍለጋ ወጣሁ።

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ግን የማውቀውን አውቃለሁ። የሻረግን ለማግባት ከእኔ በፊት አንማው ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ለእኔ የሰጧት እኔ በሬ ስለነበረኝና እሱ ስላልነበረው ነው። በሬው ሞቷል። አንማው ደግሞ አሁን ጀልባ አለው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስበው የሚደርስበት ቦታ ያው ነው።

የጊደር ዋጋ ይዞ ጀልባ መምረጥ ቀላል አይደለም። የእንጨቱን ጀልባ ዋጋ ሲነግሩኝ በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ሰውየውም ያንኑ ደገመልኝ። ፋይበሩን ከሩቅ አይቼ አለፍኩ። የቀረኝ ከሐይቅ ዳር ሣር የሚታሰረው የደንገል ታንኳ ነበር። ደንገል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል። በየማታው ከሐይቁ አውጥተህ፣ ግድግዳ ወይም ዛፍ አስደግፈህ ካላንጠፈጠፍከው ይከብዳል። ብታንጠፈጥፈውም ጥቂት ወራት ቆይቶ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ሌላ መግዛት ነው። ሲደመር ርካሽ አይደለም።

አያ ደሴ ታንኳ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። እሳቸው ዘንድ ስደርስ ከሌሎቹ ተነጥላ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ታንኳ አየሁ። ደንገሏ ደርቆ፣ ቀልሎ፣ ምንም የውኃ ምልክት አልነበረበትም። ዋጋዋን ብጠይቅ ከሌሎቹ በግማሽ ያንሳል።

«ለምን ረከሰች?» አልኳቸው።

«ውኃ ስለማትጠጣ።»

«ይኼ ታዲያ ነውር ነው?»

«ሌላ ነገር ትጠጣለች።»

«ምን?»

«ቅናት። የሚቀዝፋትን ሰው ቅናት።»

የገዟት ሁሉ እንደመለሷት ነገሩኝ። በሰላም የኖረችው ደሴት ላይ ብቻቸውን ከሚኖሩ አንድ ባሕታዊ ዘንድ ብቻ ነበር። ሁለት ክረምት ቀዝፈዋታል። ከዚያ ወደ ደሴቱ ሌላ ባሕታዊ መጡና ሰመጠች።

«እኔ ቀናተኛ አይደለሁም» አልኩ።

አያ ደሴ ትክ ብለው አዩኝ። «እንዲያማ ከሆነ ለልጅ ልጅህ ትተርፋለች» አሉና ገንዘቡን ተቀበሉ። ልሄድ ስል ደግሞ፣ «ማታ ማታ እንደ ማንኛዋም ታንኳ አቁማት፣ ትንጠፍጠፍ። የምታቆምበትን ቦታ ግን ምረጥ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ውኃው ላይ እንደ ገለባ ተንሳፈፈች። ደስ ብሎኝ ማንጎራጎር ጀመርኩ። መረቤን ልጥል ስል አንማው በጀልባው መጣ።

«እንኳን ደስ አለህ! ባለታንኳ ሆንክ አይደል?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የሻረግስ ደኅና ናት?»

ታንኳዋ አንድ ስንዝር ወረደች። ጥያቄው የጎረቤት ጥያቄ ነው፣ አልካድኩም። እኔን የከነከነኝ ስሟን ሲጠራ ፈገግ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ አንማውን ጨዋ ይለዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃም አለ።

ከእሱ ርቄ ባጠምድ ታንኳዋ እንደምትቀል ሞክሬ አይቻለሁ። ችግሩ፣ ሲርቅ ወዴት እንደሚቀዝፍ አይታየኝም። ወደ ቤቴ ቢሆንስ? ስለዚህ መረቤን ከአንማው መረብ አጠገብ መጣል ያዝኩ። ማታ ማታ ታንኳዋን እየጎተትኩ አምጥቼ፣ አንማው ከደጁ ሆኖ እንዲያያት፣ በእሱ ቤት ትይዩ ባለው ግድግዳዬ ላይ አስደግፋታለሁ። ሌሊቱን ጠብ ጠብ ስትል ታድራለች። ብዙም ሳይቆይ ግቢያችን ውስጥ ኩሬ ተፈጠረ።

ውኃው ጥርት ያለና ለብ ያለ ነው። መሬት ውስጥ አይሰርግም፤ ዶሮዎቹም አይጠጡትም። ቀስ እያለ ዓሣ ታየበት። ቆሮሶም አይደለም፣ አምባዛም አይደለም። ዓሣዎቹ አይዋኙም፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንማው ቤት አዙረው ይቆማሉ። የሻረግ አንዱን ይዛ ጠበሰችው። እኔን መረረኝ። እሷ ግን፣ «ጨው አንሶት እንጂ ምንም አይልም» አለች። የሰፈሩ ሴቶች፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እያሉ ሊያዩ መጡ።

አንድ ማታ የሻረግ ዶሮዎቹን ቆጥ ላይ እያወጣች፣ «ታንኳዋን ለአያ ደሴ መልሳት» አለችኝ።

«ከበደች። ብቻዬን አልችላትም።»

«አንማው ያግዝሃል።»

ውጭ ጠብታው ፈጠነ። ሁለታችንም ሰማነው።

«ትወጂው ነበር?» አልኳት።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ንገሪኝ።»

«በልጅነቴ አንድ ቀን ውኃ ስቀዳ ሳቀልኝ፤ ሳቅሁለት። ከዚያ ረሳሁት። በየማታው የምታስታውሰኝ አንተ ነህ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ የያዝኩት «ሳቅሁለት» ያለችውን ነው። ጠዋት ስንነሣ ውኃው ደፉን አልፎ ቤት ገብቶ ነበር።

የአንማው ግቢ ከእኛ ዝቅ ስለሚል ውኃው በአጥሩ በኩል ወደዚያ መፍሰስ ነበረበት። አልፈሰሰም። አጥሩ ላይ ሲደርስ እንደ መስታወት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አደገ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ዓሣዎቹን ያያል፤ ዓሣዎቹ ግን አያዩትም። ውኃው ቤቱን ሲሞላው እኛ አልጋችንን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አወጣን። ታንኳዋ ግድግዳውን እንደተደገፈች ከታች ቀረች።

በኋላ አንማው ጀልባውን ከሐይቁ በሰው አሸክሞ አመጣና በአጥሩ ላይ አሻግሮ እኛ ውኃ ላይ አንሳፈፈው። ፋይበር ምንም አይጠጣም። እስከ ጣሪያችን ጠርዝ ቀዝፎ መጣ።

«ከፈቀድክልኝ የሻረግን ገበያ ላድርሳት» አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቆሽቴን የሚያሳርረውም ይኸው ጨዋነቱ ነው።

«አድርሳት» አልኩት፤ ጨው አልቆብን ነበር።

የሻረግ ቅርጫቷን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «አብረን እንሂድ። ለሦስት ሰው ይበቃል።»

«የእሱ ጀልባ ላይ አልወጣም።»

«እባክህ።»

ተመልሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጠበቀችኝና ወረደች። ከፊት ተቀምጣ፣ ቅርጫቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን አየች። ከኋላ የሚቀዝፈውን አንማውን ዞር ብላ አላየችውም፤ ይህን አይቻለሁ። ቢሆንም አጥሩ ጋ ሳይደርሱ ውኃው አልጋውን ሸፈነው። እኔም ከአልጋው አልተነሣሁም።

አሁን የምኖረው ከታች ነው። ይለመዳል። የሻረግ እናቷ ዘንድ እንደምታድር ወደ ውኃው ጎንበስ ብላ ጮኻ ነግራኛለች። ሰምቻታለሁ። አምኛታለሁ ማለት ግን አልችልም።

በየቀኑ ረፋዱ ላይ ጀልባው ይመጣና በላዬ ይቆማል። ነጭ ሆዱን አያለሁ። ከዚያ አንድ እጅ በቀዩ ጠርዝ በኩል ወርዶ እስከ ክርኑ ውኃው ውስጥ ይገባል። የሻረግ እጅ ነው፤ ቀለበቱን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ጣቶቿን ወደ እኔ ትዘረጋለች። ክንዴን ባነሣ እደርስባታለሁ። እኔ ግን ሌላኛው እጇ ምን ላይ እንዳረፈ እያሰብኩ እቆያለሁ።

በመጨረሻ እጇን ታወጣለች፤ ጀልባውም ይሄዳል። ዓሣዎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረው ይሸኙታል። ታንኳዬ አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፋ ትንጠፈጠፋለች፤ ጠብታዎቿ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ።