ፀሐይ ያዞረችው ሰሌዳ

ከአዲስ ቅዳም ወደ እንጅባራ ሲመጡ ወንዙን የሚያሻግረውን ድልድይ በሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ግማሹን ወሰደውና አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ሆነ። በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ጠባቂ ቆመ። አንደኛው ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ መንገዱን የሚጠግነው መሥሪያ ቤት በሰው ፈንታ ሽቦ ዘረጋ።

ነገሩ ቀላል ነው። ማዶ፣ ከመታጠፊያው ኋላ፣ በአንድ ፊቱ ቀይ በሌላው አረንጓዴ የተቀባ ሰሌዳ ተተከለ። በእንጅባራው ጫፍ የቀረው ጠባቂ ሽባባው የብረት እጀታውን ሲስብ፣ ሁለት መቶ እርምጃ የሚሆነው ሽቦ ማዶ ያለውን ሰሌዳ ወደ አረንጓዴ ያዞረዋል። ሲለቀው የተንጠለጠለ ድንጋይ ጎትቶ ወደ ቀይ ይመልሰዋል፤ እሱ ካለበት ግን ሰሌዳው አይታየውም። ማታ በሰዓት እላፊ መኪና ስለማያልፍ እጀታውን ለቆ ወደ ቤቱ ይገባል።

«የአዲስ አበባ መብራት መጣልን» እያሉ ሾፌሮቹ ያላግጡ ነበር። «አያ ሽባባው፣ ነገ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱን በሽቦ ጎትትልን።»

የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ በወደቀበት የኅዳር ማለዳ ሽባባው እጀታውን ለቆ፣ በእሱ በኩል የመጣችውን ላንድሮቨር አሳለፈ። ድልድዩ ላይ ከማዶ ከመጣ የእህል መኪና ጋር ፊት ለፊት ተላተመች፤ ወንዝ ውስጥም ገባች። ተሳፋሪዋ፣ ነጋዴዋ ያለምወርቅ፣ ዳሌዋ ተሰበረ።

የእህል መኪናው ሾፌር ሙሉሰው በዳንግላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አረንጓዴ አይቼ ነው የገባሁት» አለ። ሽባባው ወንጌል ይዞ «ለቅቄዋለሁ» ብሎ ማለ። ዳኛ አዝመራው ድልድዩ ድረስ መጥተው በቀትር አምስት ጊዜ አስሞከሩት። አምስቱንም ጊዜ ሰሌዳው ቀይ ሆነ።

«እንግዲህ ሰሌዳው ራሱ መሰከረብህ» አሉት ሙሉሰውን።

«ጓድ ዳኛ፣ ዓይኔ ያየውን እንዴት አድርጌ ልካደው?»

አብሮ የተከሰሰው ሽባባው በነጻ ተሰናበተ፤ ሙሉሰው ቅጣቱ እስኪነገረው እስር ቤት ገባ። ሽባባው በዕድሜው ውሸታም ብዙ አይቷል። እንዲህ ያለ ፊት ያለው ውሸታም ግን አላየም።

ቅጣቱ ሊነገር ሦስት ቀን ሲቀር፣ መኪና በማያልፍበት እሑድ፣ አዲስ ቅዳም ሄዶ ያለምወርቅን ጠየቃት።

«ከወንዝ ያወጣኝ ሙሉሰው ነው» አለችው። «ቀይ ነበር ትላለህ አንተ፣ አረንጓዴ ነበር ይላል እሱ። እኔ የማንኛችሁን ልመን?»

ሽባባው እዚያው ዘመድ ቤት አደረና ሰኞ ገና ሳይነጋ በእግሩ ተነሣ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከጫማው ሥር ይንኮሻኮሻል። መታጠፊያው ጋ ደርሶ ቀና ቢል ሰሌዳው አረንጓዴ ነው።

ሰው ነክቶታል ብሎ ድልድዩን በሩጫ ተሻገረ። እጀታው ቅዳሜ ማታ እንደለቀቀው ነው፤ ላዩ ላይ የጋገረው ውርጭ እንኳ አልተነካም። ሽቦውን በጣቱ ነካው። እንደ በገና አውታር ተወጥሯል።

ተመልሶ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ፀሐይ ከጋራው ብቅ አለች። በሽቦው ላይ ያለው ነጭ ነገር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብ ጀመር። ድንጋዩ በጣት በጣት ወረደ። ሰሌዳው ተንቀጠቀጠ፤ ቀስ እያለም ዞረ፤ ማንም ሳይነካው፣ ሙሉ ፊቱን ቀይ አድርጎ ቆመ።

ሽባባው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ደረሰ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ ነበር። ከከንፈሩ «እግዚኦ» የምትል ቃል ብቻ ወጣች። ይህ እጅ የሌለው እጅ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ ብረቱን ሁሉ ሲጎትትና ሲለቅ ኖሮ፣ እሱ ዛሬ ገና አየው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢናገር እጀታው በእሱ እጅ ነበር፤ አሻጥረኛ ሊሉት ይችላሉ፤ በዚያ ቃል ብቻ ተወስደው የቀሩ ሰዎችን ያውቃል። በዚያው ቀን ዳንግላ ወረደ።

«ብረት ይበርደዋል ነው የምትለኝ?» አሉ ዳኛ አዝመራው።

«ሲበርደው ይኮማተራል፣ ጌታዬ፣ እንደኛው።»

«አንተን በነጻ አሰናብቼህ የለም እንዴ? ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ሁለታችንም እውነት ተናግረን ነበር፣ ጌታዬ። አንዳችን ግን ታስሯል።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዳኛው፣ የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ፣ አንድ ፖሊስና ካቴና ያጠለቀው ሙሉሰው ከሽባባው ጋር ሰሌዳው ፊት ቆመው ነበር። ሰሌዳው አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ወጣች። መዞር ሲጀምር ፖሊሱ አማተበ፤ ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ውርጩን እንኳ መሥሪያ ቤታችን አላዘዘውም» አለ ተወካዩ።

«ሽቦውን ግን አዟል» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ። «ሰው አንሥቶ ሽቦ የተካ፣ ሽቦው ለሚያደርገው እሱ ይጠየቃል። ነገ ችሎት ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው። ፍታው፣ ልጄ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ከአዲስ ቅዳም በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ።

«አያ ሽባባው» አለ ሙሉሰው አንጓውን እያሻሸ፣ «አንተ እዚህ ቁም። ያንን ጫፍ ለዛሬ እኔ ልያዝልህ» አለና ድልድዩን ተሻገረ።